ዜሮው ከየት መጣ?

ባለፈው ሳምንት ሎንዶን፣ ሆሎዌይ ሮድ ላይ ወዳለው የቱርኮች ሱቅ አተር ልገዛ ገብቼ፣ የፍሪዘሩ በር ላይ ያለችው ትንሽ ቀይ መብራት ዓይኔን ያዘችው። ማይነስ አሥራ ዘጠኝ ትላለች። ሰው ሁሉ በሩን ከፍቶ የሚፈልገውን አውጥቶ ይሄዳል እንጂ ይህችን ቁጥር ልብ ብሎ የሚያያት የለም። እኔ ግን ቆምኩ። ከቁጥሯ ፊት ያለችውን አጭር ሰረዝ እያየሁ ለብቻዬ ስስቅ ባለሱቁ መጣና «አንክል፣ ደህና ነህ?» አለኝ። «ደህና ነኝ፤ ይህች ሰረዝ አንድ ጊዜ ሰው ልታስባርር ነበር» ስለው ዓይኑን አፍጥጦ አየኝና ወደ ሒሳብ መቀበያው ተመለሰ። እሱ ካልገባው ለእናንተ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ግን የሚነግራችሁ ማን እንደሆነ እወቁ። እኔ ጌታሁን ፕሮግራም መጻፍን የተማርኩት ከማንም አይደለም። የዩኒቨርሲቲ ደጃፍ አልረገጥኩም፤ ሰርተፊኬት የሚባል ነገርም ግድግዳዬ ላይ አታገኙም። ይኸው ስልሳን ልደፍን ጥቂት ቀርቶኛል፤ ብዙ ዓመት በዚሁ ሙያ እንጀራዬን በልቻለሁ፤ ዲግሪ የጫኑ ልጆች ኮዳቸው እንቢ ሲላቸው «ጋሼ፣ እስቲ ይቺን እይልን» እያሉ ይደውሉልኛል። አያለሁ፣ አገኛለሁ። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም፤ ለመኩራራትም ቢሆን የሚያሳፍር ነገር የለውም።

ወደ ሎንዶን የመጣሁት ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ነው። ዕድሜዬ ከሠላሳ አምስት ያለፈ ነበር። ለአንዳንዱ ሰው ይህ ወጣትነት አይደለም። እኔ ግን ቋንቋውን፣ መንገዱን፣ ብርዱን፣ አልፎ ተርፎ የአውቶቡስ አጠባበቁን እንደ አዲስ የተማርኩበት ጊዜ ስለሆነ ከወጣትነት ሌላ ስም አላገኘሁለትም። ቀን ቀን ሃክኒ ውስጥ የአንድ ቢሮ ሴኪዩሪቲ ነበርኩ። ሆሎዌይ ውስጥ በካውንስል፣ እንደኛ አገር ቀበሌ በሉት፣ ፎቅ ላይ አንዲት ክፍል ተከራይቻለሁ። ከዚያ ፎቅ ሥር፣ ከቆሻሻ ገንዳዎቹ አጠገብ፣ አንድ ሰው ኮምፒዩተር ጥሎ ሄደ። አንስቼ በትከሻዬ አወጣሁት። ሰው የለገሰው አሮጌ ዕቃ ከሚሸጥበት ቻሪቲ ሾፕ ደግሞ ሽፋኑ የተገነጠለ የፕሮግራም መማሪያ ገዛሁ። ሲ ስለሚባለው ቋንቋ የተጻፈ ነው። አውቶቡሱ የላይኛው ፎቅ ፊት ለፊት ወንበር ላይ እየተቀመጥኩ፣ መስኮቱ በሰው ትንፋሽ ጭጋግ ሲለብስ በጣቴ ኮድ እየጻፍኩበት ተማርኩ።

ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ አሬይ የሚባል ነገር አለ። ብዙ ጀማሪ የሚወድቀው እዚያ ነው። አሬይ ማለት ጎን ለጎን የተደረደሩ ሣጥኖች ናቸው። በእያንዳንዱ ሣጥን ውስጥ አንድ ሙሉ ቁጥር ይቀመጣል። ሉፕ ደግሞ ከመጀመሪያው ሣጥን እስከ መጨረሻው እየሄደ አንድ በአንድ ከፍቶ የሚያይ፣ የማይሰለቸው ሠራተኛ ነው። የመጀመሪያው ሣጥን ቁጥሩ አንድ ሳይሆን ዜሮ መሆኑ ስንቱን እንዳሳበደ የሚያውቀው ያስተማረ ሰው ነው። እኔን አላሳበደኝም። ፎቃችን ሊፍት ውስጥ ከአንድ በታች ሌላ ቁልፍ አለ፤ ምድር ቤቱ አንደኛ ፎቅ አይባልም፤ የፎቁ ቆጠራ የሚጀምረው ከዜሮ ነው። አንድ ቀን ጠዋት ቁልፉን ስጫን ነገሩ ብልጭ አለልኝ። አስተማሪዬ ሊፍት ነበር ብል ሐሰት አይደለም።

በዚያ ዘመን የምበላው እትዬ አስካለ ቤት ነበር። እትዬ አስካለ በደርግ ጊዜ የመጡ፣ እዚያው ሆሎዌይ አነስተኛ ምግብ ቤት ያላቸው ሴት ነበሩ። አማርኛቸው ከአገር በወጡበት ዘመን ላይ የቆመ ስለነበር ኮምፒዩተርን «መኪናው» ይሉታል። ወጥ ቤቱን የሚያዘው ሻምበል ነው። የቀድሞ ጦር ውስጥ ሻምበል ነበረ፤ እዚህም ማዕረጉን ማንም አልገፈፈውም፤ ሽንኩርት ሲያስከትፍ እንኳ ትእዛዝ የሚሰጥ ይመስላል። አስተናጋጇ ትዕግስት ናት። ሃያዎቹን የጀመረች፣ ቀጠን ያለች፣ ብዙ የማትናገር ልጅ። ከምግብ ቤቱ በላይ ባለችው የእትዬ ክፍል ትኖራለች። ሥራዋና መኝታዋ በአንድ ቁልፍ የተንጠለጠሉ ነበሩ ማለት ነው። ትዕግስት ጴንጤ ናት። እትዬ ይህን ሲቀጥሯት ያውቁ ነበር፤ «ሥራዋን ትሥራልኝ እንጂ እምነቷ ከፈጣሪዋ ጋር ነው» ይሉም ነበር። ነገር እስኪመጣ ድረስ ሁላችንም እንዲህ እንላለን።

የካውንስሉ ተቆጣጣሪ እትዬን በቀን ውስጥ ደጋግመው የፍሪጁን ሙቀት ቼክ እንዲያደርጉና የቀኑን ከፍተኛ ሙቀት እንዲያውቁ አዘዛቸው። እሳቸው ደግሞ እንዲህ ያለ ጣጣ አይወዱም። «እኔ እሠራልዎታለሁ» አልኳቸው። ለሙዚቃ ብቻ በሚያገለግለው አሮጌ ኮምፒዩተራቸው ላይ ፕሮግራም ጻፍኩ። ስምንት ሣጥን ያለው አሬይ ነው። ትዕግስት የፍሪጁ በር ላይ ያለውን ቁጥር እያየች በየሰዓቱ ታስገባለች። መዝጊያ ላይ አንድ ቁልፍ ስትጫን ሉፑ ሣጥኖቹን ሁሉ አይቶ ትልቁን ያወጣል። አራት፣ አምስት፣ ስድስት እያለ ዐቢይ ጾምን በሙሉ አንድ ቀን ሳይሳሳት ሠራ። ሻምበል «ኢንጂነሩ» ይለኝ ጀመር። የሚያሾፍ ይመስለው ነበር፤ እኔ ግን ስሙን ወደድኩት።

በሕማማት ሳምንት የፋሲካው ሥጋ መጣ። ይህን ለማያውቅ ልንገር፤ ሆሎዌይ ሮድ ላይ ሥጋ ቤት ሞልቷል፤ እትዬ ግን በክርስቲያን እጅ፣ በስመ አብ ተብሎ ያልታረደ ሥጋ ጾመኛ ፊት አያቀርቡም። ስለዚህ ሻምበል ከከተማ ውጭ ካለ ቄራ ጋር ከስንት ወር በፊት ተነጋግሮ፣ ቀጠሮ ይዞ፣ እዚያው ቆሞ አስባርኮ ነው ይዞ የሚመጣው። በፋሲካ ዕለት ብቸኛ ሰው ሁሉ፣ ቤተሰቡ አገር ቤት የቀረ ሁሉ፣ ጾም የሚፈታው እትዬ ቤት ነው። ያ ሥጋ ከተበላሸ ምትክ የለውም። ፍሪዘሩ እስከ አፉ ሞላ። እኔም ጸሎተ ሐሙስ ጠዋት የፍሪጁን ፕሮግራም ገልብጬ ለፍሪዘሩ አደረግኩት። ትዕግስትን «ቁጥሩን ከነሰረዙ አስገቢ» አልኳትና ወደ ሥራዬ ሄድኩ።

ስቅለት ዕለት ፈቃድ ወስጄ ስለነበር ነጭ ለብሼ፣ አብረን ቤተ ክርስቲያን ልንሄድ ጠዋት መጣሁ። ዝናቡ አባርቷል። የመንገዱ ዳር ዛፎች ሮዝ አበባቸውን አርግፈውት አስፋልቱ ላይ ተለጥፏል፤ አየሩ የረጠበ ቅጠልና የአውቶቡስ ጭስ ይሸታል። ከትናንት ጉልባን ወዲህ ምንም አልቀመስኩም፤ ውኃም ጭምር። ምላሴ ላንቃዬ ላይ ተጣብቋል። በሩን ስገፋ ወለሉ ላይ የተደረደረ ነገር አየሁ። ሻምበል ሥጋውን ከፍሪዘር እያወጣ በጥቁር የቆሻሻ ከረጢት ውስጥ ይጨምራል። የዶሮው ብልት በላስቲክ እንደተጠቀለለ እንደ ድንጋይ እርስ በርሱ እየተጋጨ ይጮኻል። ትዕግስት ደረጃው ሥር ቆማለች። ሽርጧን አውልቃለች፤ የክፍሏን ቁልፍ ይዛለች።

«ኢንጂነሩ መጣ» አለ ሻምበል ቀና ሳይል። «ና መኪናህ ያለውን እይ።»

ስክሪኑ ላይ እኔው የጻፍኩት መስመር ተቀምጧል፦ ከፍተኛ ዜሮ።

እትዬ አስካለ ነጠላቸውን መስቀለኛ ለብሰው ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ለስግደት የተዘጋጀ ሰው ፊት ነው፤ ከንፈራቸው ደርቋል። «ጌታሁን፣ ዜሮ ማለት በረዶ የሚቀልጥበት አይደለም እንዴ?»

«አዎ እትዬ። መቅለጥ የሚጀምርበት ነው።»

«እንግዲያው ትናንት ሥጋው ቀልጦ እንደገና ረግቷል ማለት ነው።»

«ፕሮግራሙ ያለው ይህን ነው» አልኩ። ሌላ ምን ልበል? ጾሙን ሙሉ ልክ ሆኖ የከረመ ፕሮግራም ነው፤ ደግሞም የእኔ ነው።

«ጋሼ፣ እኔ ዜሮ የሚባል ቁጥር አላስገባሁም» አለች ትዕግስት። «ባየሁት ቁጥር ማይነስ ነው። አሥራ ስምንት፣ አሥራ ዘጠኝ፣ ሃያ። እንደዚያ ነው ያስገባሁት። መዝጊያ ላይ ቁልፉን ተጭኜ፣ ያወጣውን ሳላይ ወደ ጸሎት ሄድኩ።»

«ታዲያ ዜሮው ከየት መጣ?» አለ ሻምበል። «ከሰማይ ወረደ?»

እትዬ ወደ እሷ ሳያዩ ተናገሩ። «እኛ ጉልባን ስንበላ አንቺ የት ነበርሽ? ፍሪዘሩን ከፍተሽ የፈለግሽውን ስታወጪ፣ ስትጠብሺ፣ በሩን ረስተሽው ከሆነስ? አንቺ እንደሆነ ጾም የለብሽ።»

«እትዬ» አለች፣ «እኔ በጾም ቀን እርስዎ ቤት ሥጋ ስበላ አይተውኝ ያውቃሉ?»

«አላየሁም። መኪናው ግን አይቷል።»

እትዬ ክፉ ሴት አልነበሩም። ነገር ግን ደክሟቸዋል፣ ተርበዋል፣ የስንቱ የፋሲካ ምሳ በእሳቸው እጅ ነው። የተበላሸ ሥጋ ለምእመን ማብላትን ከምንም በላይ ይፈሩታል። ታክሲ ጠርተዋል፤ ከመሳፈራቸው በፊት ሥጋውም ልጅቷም ከቤታቸው እንዲወጡ ወስነዋል። ማስረጃቸው ደግሞ እኔ የሠራሁት ነገር ነው።

«በረዶውን እዩት» አለች ትዕግስት ድንገት።

«የቱን በረዶ?»

«ለመጠጥ ብለው ሰኞ ያስገዙኝን። ከሥጋው ጋር ነው የነበረው። ቀልጦ የረጋ ከሆነ አንድ ግንድ ይሆን ነበር።»

ከረጢቱን ከፍሪዘሩ አወጣሁት። የበረዶ ቁራጮቹ ተለያይተው እንደ ጠጠር በእጄ ላይ ተንሿሹ። ነጭ፣ ጥርት ያሉ፣ ማዕዘናቸው ያልሟሟ። ሻምበል ቀረብ ብሎ አየና ራሱን ነቀነቀ። «ዛሬ ጠዋት ሌላ ገዝታ ያስገባችው ቢሆንስ? ጦር ሜዳ ላይ ስንቱን ማታለያ አይቻለሁ መሰለህ።»

«ሻምበል፣ በረዶ ጦር ሜዳ አይሄድም» አለች። በዚያ ሁኔታ ውስጥ እንዲህ መመለሷ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ፕሮግራሜን አምነዋለሁ። በረዶውንም በእጄ ነክቼዋለሁ። ሁለቱ በአንድነት እውነት ሊሆኑ አይችሉም። የፕሮግራሙን ዘግናኝነት ደግሞ ያኔ አየሁት፤ ትዕግስት ያስገባቻቸውን ቁጥሮች አላስቀመጠም። ውጤቱን ካወጣ በኋላ ሣጥኖቹ ጠፍተዋል። የቀረው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ እሱም በእሷ ላይ የተነገረ።

«ሥጋውን መልሱት» አልኩ።

«ምን?» አለ ሻምበል።

«ፍሪዘር ውስጥ መልሰው። ውጭ በቆየ ቁጥር እውነትም መቅለጡ ነው። እኔ ደግሞ ኮዱን ላንብበው።»

ሻምበል እትዬን አየ። እትዬ ሰዓታቸውን አዩ። «ታክሲው እስኪመጣ» አሉ። «ከዚያ በኋላ ግን አንድም ነገር አልሰማም። የተበላሸ ሥጋ አብልቼ አንድ ሕፃን ቢታመምብኝ አንተ ነህ ወይስ ይቺ መኪና ፈጣሪ ፊት የምትቆመው?»

ተቀመጥኩ። ኮዱን ከፈትኩት። በባዶ ሆድ፣ በደረቀ ጉሮሮ፣ ሦስት ሰው ከኋላዬ ቆሞ ሲተነፍስ ኮድ ያነበበ ብቻ ነው ያን ሰዓት የሚያውቀው። ፊደሎቹ ይዋኙብኛል። አንድ በአንድ ማንበብ ጀመርኩ።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ሉፑን ነው። ብዙ ጀማሪ ሉፑን አንድ እርምጃ ያሳልፈውና ከመጨረሻው ሣጥን አልፎ፣ የእሱ ያልሆነውን ሣጥን ከፍቶ ያያል። እዚያ ውስጥ ምን እንደሚጠብቀው አይታወቅም፤ ዜሮም ሊሆን ይችላል። አየሁት። ልክ ነው። እንዲህ ያለ ስህተት እንደማልሠራ መጀመሪያውኑ ማወቅ ነበረብኝ።

ሁለተኛው ከዚህ ይከፋ ነበር። ሲጀመር ሣጥኖቹን ሁሉ በዜሮ ነበር የሞላኋቸው። ትዕግስት አንድ ሰዓት እንኳ ረስታ ሳታስገባ ዘግታ ከሆነ፣ ያ ሣጥን ዜሮውን እንደያዘ ይቀራል። ፍሪጁ ላይ ቢሆን ዜሮ ከሌሎቹ ስለሚያንስ ምንም አይጎዳም። ፍሪዘሩ ላይ ግን ዜሮ ከሁሉም ይበልጣል። ነገሩ ይህ ከሆነ ሥጋው ደህና ነው፣ ፕሮግራሜም ደህና ነው፤ ጥፋቱ የልጅቷ ነው። እውነቱን ለመናገር ለሁሉም የሚቀለው ይህ ነበር። ለእኔም።

ዞር አልኩ። «ትዕግስት፣ ስምንቱንም አስገብተሻል? ወይስ የዘለልሽው አለ?»

ሻምበል ሳቀ። «ይኸው፣ ኢንጂነሩ ደረሰበት።»

«ስምንቱንም» አለች። «አንዱንም አልዘለልኩም።»

«እሺ» አልኩና ወደ ስክሪኑ ተመለስኩ።

ከውጭ መኪና ሲያቆም ተሰማ። ሁላችንም ጆሯችንን አቆምን። የጎረቤት ዕቃ ጫኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ የቀረኝ አንድ መንገድ ነው፤ ራሴ ማሽኑን መሆን። አሁን ልጆቹ ይህን የሚያደርግላቸው ሌላ ፕሮግራም አላቸው። እኔ ግን ጣቴን ጠረጴዛው ላይ አድርጌ ሳልቸኩል ሄድኩ። በአሬዩ ፊት «ትልቁ» የሚባል አንድ ሣጥን ለብቻው አለ። ሉፑ በሄደ ቁጥር ከዚያ ሣጥን ጋር ያወዳድራል፤ የበለጠ ካገኘ ይተካል፣ ካላገኘ ያልፋል። የመጀመሪያው ቁጥር ማይነስ አሥራ ስምንት ነው እንበል። ማይነስ አሥራ ስምንት ትልቁ ሣጥን ውስጥ ካለው ይበልጣል? ትልቁ ውስጥ ምን አለ? ወደ ላይ ወጣሁ። ዜሮ። ራሴ ነኝ ያስቀመጥኩት። ማይነስ አሥራ ስምንት ከዜሮ ይበልጣል? አይበልጥም። እለፍ። ማይነስ አሥራ ዘጠኝ? አይበልጥም። እለፍ። ማይነስ ሃያ? እለፍ።

ጣቴ ቆመ።

ድግስ ላይ እንግዶቹ ሳይመጡ የክብር ወንበሩ ላይ ሄዶ የተቀመጠ ሰው አስቡ። ከሚመጡት ሁሉ የሚበልጠው ካልመጣ አይነሳም። ዜሮ እንዲያ ተቀምጦ ነበር። ፍሪጁ ላይ ሁልጊዜ የሚበልጠው ይመጣበታል፤ አራት ይመጣል፣ አምስት ይመጣል፣ ይነሳል። ፍሪዘር ውስጥ ግን ሥጋው ደህና እስከሆነ ድረስ ዜሮን የሚያስነሳ ቁጥር ከቶ አይመጣም። ትዕግስት ምንም ብታስገባ መልሱ ዜሮ ነበር። ሥጋው ይበልጥ በረጋ ቁጥር እሷ ይበልጥ ጥፋተኛ ነበረች።

ዜሮውን እዚያ ለምን እንዳስቀመጥኩት ደግሞ ያኔውኑ ገባኝ። ያደግኩት ጉለሌ ነው። ኅዳር ላይ ብርዱ አጥንት ይገባል፤ ግን በዜናም በትምህርት ቤትም ከዜሮ በታች የሆነ ሙቀት የእኛ ጉዳይ ሆኖ አያውቅም። ለእኔ ዜሮ የነገር ሁሉ ወለል ነበር፤ ከወለል በታች ሰው የለም። ያንን ወለል ሳላውቀው ይዤው መጥቼ የሎንዶን ፍሪዘር ውስጥ ተከልኩት። ዜሮው ከሰማይ አልወረደም፤ ከእኔው ጋር ባሕር ተሻግሮ ነው የመጣው።

«አገኘሁት!» ብዬ ተነሳሁ። ወንበሩ ወደ ኋላ ወደቀ።

«ምኑን?» አሉ እትዬ።

«እትዬ፣ ይምጡ። እዚህ ይቀመጡ። በእጅዎ ያስገቡት።»

«እኔ? እኔ መኪና አልነካም።»

«ዛሬ ይንኩ። ማይነስ ሃያ ብለው ስምንት ጊዜ። እኔ እጄን አላስገባም።»

በጠቋሚ ጣታቸው፣ የሽሮውን ጨው እንደሚቀምስ ሰው እየተጠነቀቁ፣ ቁልፎቹን ተጫኑ። ሻምበል ከትከሻቸው በላይ አጎንብሷል። ትዕግስት ከቦታዋ አልተነቃነቀችም። እትዬ የመጨረሻውን ሲጫኑ ስክሪኑ መለሰ፦ ከፍተኛ ዜሮ።

እትዬ አማተቡ። «ኧረ በስመ አብ! እኔ ዜሮ መች አልኩት?»

«አላሉትም። እሷም አላለችውም።»

ከዚያ ያቺን አንዲት መስመር አስተካከልኩ። ትልቁን ከዜሮ ሳይሆን ከአሬዩ ከራሱ ከመጀመሪያው ሣጥን እንዲጀምር አደረግኩት። እንደገና አስገቡ። ማይነስ ሃያ አለ። ሻምበል ስክሪኑን ሁለት ጊዜ አነበበና «ስለዚህ ጥፋተኛው አንተ ነህ» አለ።

«ያገኘሁትም እኔ ነኝ!» አልኩት። ይህን ዛሬም እደግመዋለሁ። ስህተት የማይሠራ የለም፤ በባዶ ሆድ፣ ታክሲ እየተጠበቀ፣ ያለ አስተማሪ የራሱን ስህተት የሚያገኝ ግን ስንት አለ?

ጡሩምባው ያን ጊዜ ተነፋ። ታክሲው ደርሷል። እትዬ ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሱና «ሥጋው ይቀመጥ» አሉ። ወደ በሩ ሄዱ። ትዕግስት ቁልፉን እንደያዘች ቆማለች። መንገድ አልለቀቀችላቸውም።

«እትዬ» አለች፣ «የእኔስ?»

ጡሩምባው ደገመ። እትዬ ቆሙ። ፊታቸው ላይ ብዙ ነገር ሲያልፍ አየሁ፤ ኩራታቸው ቀላል አልነበረም፤ በዚህ እንግባባ ነበር። ከዚያ መሬት ላይ የነበረውን ሽርጥ ራሳቸው ጎንበስ ብለው አነሱት፤ አራገፉት። «ይቅር በይኝ ልጄ» አሉ። «ልሰግድ እየሄድኩ ነው። አንቺን አስቀይሜ ብሰግድ ወገቤን ማሳመም ብቻ ነው።» ትዕግስት ሽርጡን ተቀበለች። አልሳመቻቸውም፣ አላለቀሰችም። ቁልፏን ኪሷ ውስጥ ከተተችው።

በፋሲካ ዕለት ያ ዶሮ ሲወጣ ምግብ ቤቱ ውስጥ መቆሚያ አልነበረም። ቅቤው ከጾም በኋላ እንደሚያደርገው ራስ ያዞራል። ትዕግስት ጠረጴዛ ለጠረጴዛ እየሄደች ወጥ ታወጣለች፤ ሻምበል ከወጥ ቤቱ ያዛል። እኔ ስለ ዜሮው ላገኘሁት ሁሉ አስረዳሁ። አንዱ ጨርሼ ሳልነግረው አፌን በጉርሻ ዘጋው። የበላ አንድም ሰው አልታመመም።

ትዕግስት ከእትዬ ቤት የወጣችው ከረዥም ጊዜ በኋላ፣ በራሷ ፈቃድ፣ ነርሲንግ ልትማር ነው። ሻንጣዋን እስከ አውቶቡስ ፌርማታ የሸኟት እትዬ ናቸው፤ ነፍሳቸውን ይማርና። አሁን እዚሁ ሎንዶን፣ ባተርሲ ትኖራለች፤ ሁለት ልጆች አሏት።

ባለፈው ሳምንት ከዚያ ሱቅ አተሬን ይዤ እንደወጣሁ ደወልኩላት።

«ሰረዟን አየኋት» አልኳት።

«የቷን ሰረዝ ጋሼ?»

«የፍሪዘሩን ነዋ! ትልቁን ከዜሮ አስጀምሬ፣ ማይነስ ሁሉ ከዜሮ ስለሚያንስ…»

ሳቋን ለቀቀችው። «ጋሼ ሙት፣ እሱ እስከ ዛሬ አልገባኝም።»

ቅር አለኝ፤ አልደብቅም። ስንት ዓመት ሙሉ በእኔ ፕሮግራም የዳነች ልጅ አለች እያልኩ ለስንቱ ተርኬያለሁ። «ታዲያ የዚያን ቀን ምንም አልገባሽም ማለት ነው?» አልኳት።

«የገባኝማ አለ» አለች። ከኋላዋ የልጆች ድምፅ ይሰማል። «ስምንቱንም አስገብተሻል ወይ ብለህ ጠየቅከኝ። አዎ አልኩህ። ‹እሺ› አልክና ዞርክ። ደግመህ አልጠየቅከኝም።»

አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ደርሼ ነበር። ሁለተኛ ጊዜ መጠየቅ ትዝም አላለኝ ነበር። አንድ ነገር ማለት ስላለብኝ ግን፣ አሬይ ማለት ጎን ለጎን የተደረደሩ ሣጥኖች ናቸው ብዬ ከመጀመሪያው ጀመርኩላት። አውቶቡሴ መጥቶ አለፈኝ። እሷ እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝ። አሁንም አልገባትም።